አዲሱ አስተማሪያችን ሲያየኝ ብድግ አለ

ዛሬ መግሪብ ሰግጄ፣ ዘግይቼ የማታው ኤምቢኤ ክፍላችን ስገባ አዲሱ አስተማሪ ከወንበሩ ብድግ አለ። ተማሪዎቹም ባለሥልጣን የመጣ መስሏቸው ተከትለውት ተነሡ።

የመጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ ደብተሬን በፌስታል ያንጠለጠልኩ፣ ላብ ያጠመቀኝ የሃምሳ ዓመት ተማሪ። (በሸዋሮቢት ሙቀት ኮት ልበስ ያለኝ ማን ነበር?)

«ጋሼ ሰይድ! ይግቡ፣ ይግቡ!»

ያኔ ነው ያወቅሁት። ዮናስ ነው፤ ቀወት ገጠር ሳለሁ አራተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ።

ደስ ቢለኝም ስጋት ገባኝ። ይሉኝታ ይዞት በነፃ ማርክ የሚሰጠኝ ከሆነ ትምህርቱን ብተወው ይሻለኛል።

ከዚያ ልንከፍት ስለምንፈልገው ንግድ ግማሽ ገጽ ጻፉ አለን። እኔ ማሾ ስለሚባለው ጥራጥሬ ንግድ ጻፍኩ። እየዞረ ሲያይ እኔ ጋ ደረሰና አነበበው፤ ጎንበስ ብሎም በሹክሹክታ፣

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ማሾውን ማን እንደሚገዛዎት አልጻፉም። ለነገ እንደገና ሠርተው ይምጡ» አለኝ።

ድሮ «እንደገና ሠርተህ ና» እያልኩ የማስለቅሰው እኔ ነበርኩ። ያስተማርኩት ገብቶታል ማለት ነው!

ይኸው የቤት ሥራዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። እናንተስ፣ ያስተማራችሁት ልጅ መልሶ አስተምሯችሁ ያውቃል? ማሾ የምትገዙም ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ለነገ ያስፈልገኛል።