ለባቡሩ የቆመ ዋስ

ልጅ ሳለሁ ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ይሁንና ሃዲድ በቀን ሙቀት እንደሚረዝምና ማታ እንደሚያጥር፣ ከሥሩ የሚነጠፈው ጠጠር ለምን ድቡልቡል ሳይሆን ሹል ሹል መሆን እንዳለበት ከፊደል ቀጥሎ የተማርሁት ነገር ነው። ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ጋሽ ታፈረ ናቸው። ወጣትነታቸውን በድሬዳዋ በኩል በሚያልፈው አሮጌው መሥመር ላይ ሃዲድ ሲጠግኑ አሳልፈው፣ በኋላ እንደ አባቴ ሁሉ ለፋብሪካ ሥራ ወደ ባሕር ዳር የመጡ ሰው ነበሩ።

ያኔ የምንኖረው ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ የሠራተኞች ሰፈር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ያኔ ደግሞ መጥፋት ልማዱ ነበር፣ የሰፈሩ ልጆች ጋሽ ታፈረ በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። ከሐይቁ ዳር ካለው ፊላ ውስጥ የሚነሣውን ትንኝ እንዲያባርርላቸው እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል በከሰሉ ላይ ጣል ያደርጉበታል። ጭሱ ዓይናችንን ያስለቅሰን ነበር፤ ቦታውን የሚለቅ ግን አልነበረም። ፋኖሱን ከጀርባቸው ስለሚያስቀምጡት ፊታቸው አይታየንም። የምናየው ፍሙ የሚያበራውን እጃቸውን ነው። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች በሥራ ላይ ተጎድተው መታጠፍ ትተው ነበርና እነዚያን ሁለት ጣቶች ጎን ለጎን ዘርግተው መሥመሩ እንዴት ተራራ እንደሚዞር ያሳዩን ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ ደጋግመን የምናስነግራቸው አንዱን ነው። ብረት እንግዳ ሆኖ ወደ አንድ አገር ይመጣል። የአገሩ ባላባት ደስ ብሎት «ይህን ሜዳ ሰጥቼሃለሁ፣ ተኛበት» ይለዋል። ብረት ግን አይተኛም። «እኔ ረጅም ነኝ፤ ከተኛሁ የአንዱን ደጅ እዘጋለሁ። ከእኔ በፊት በዚህ ያልፍ የነበረ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ውኃ ነው ይሉታል። «እንግዲያው መጀመሪያ ለውኃ በር አውጡለት» ይላል። ባላባቱ ይስቃል። ብረት በሩ እስኪወጣ ድረስ ቆሞ ያድራል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንዳችን «ቆሞ?» ይላል።

«ቆሞ ነዋ» ይሉናል ጋሽ ታፈረ። «አሳዳጊ ያልበደለው ብረት ነው።»

ተረቱን የጻፍሁት ከሌሎች ተረቶች የተለየ ጥበብ ስላለበት አይደለም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ጋዜጠኝነት ሳጠና ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ትኖር ለነበረች የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ አውርቼላት ነበር። «ይኼማ ትምህርታችን ነው» አለችኝ። «መንገድም ይሁን ባቡር አፈር ከመከመርሽ በፊት ውኃው የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ። ይህን የማያውቅ አይመረቅም።» ይህን ያነሣሁት በኋላ የሆነው ነገር ባለማወቅ የመጣ እንዳልሆነ ከአሁኑ ግልጽ እንዲሆን ነው።

ጋሽ ታፈረ ጡረታ ሲወጡ ከሰፈራችን ለቀው ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርቄ ጋር ወደ ሐሙሲት ሄዱ። እትዬ ብርቄ ከከተማዋ ወረድ ብሎ ወደ ጣና በሚያዘነብለው ሜዳ ላይ ከወላጆቻቸው የወረሱት ቦታ ነበራቸው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እንደ ሊጥ ያብጣል። ክረምት ላይ ውኃው ከላይ ካሉት ኮረብቶች ወርዶ፣ በማሳው መሐል በታወቀ ቦይ አልፎ ወደ ሐይቁ ይገባል። ጓያና ሽምብራ የሚዘራው ውኃው ካለፈ በኋላ ነው። የዚያ አገር ኑሮ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

እኔ ሥራ ከያዝሁ ከዓመታት በኋላ፣ ከመሐል አገር ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ ሰሜን ይዘልቃል የተባለ የባቡር መሥመር በዚያ ሜዳ ላይ እንዲያልፍ ተወሰነ። ቀያሾች መጥተው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። ቀጥሎ ገበሬዎቹ ለስብሰባ ተጠሩ። በስብሰባው የሆነውን እዚያው ከነበሩ ሦስት ሰዎች ለየብቻ ጠይቄያለሁ፤ በነገሩ አይለያዩም።

ጥያቄው አንድ ነበር። የአፈር ሙሌቱ ከቤት ጣራ ከፍ ብሎ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጠው ነው፤ ውኃው በየት ይለፍ? መሐንዲሱ ካርታ ዘርግቶ ማሳለፊያዎቹን በየቦታቸው አሳየ። ሥዕሉ ትክክል ነበር፤ ኋላ እኔም አይቼዋለሁ። ከጋሽ ታፈረ ጋር በአጥር የሚዋሰኑት አያ ምናለ ተነሥተው «እኔ ወረቀት አላነብም፤ ሰው ዋስ ስጡኝ» አሉ። በወንበር የተቀመጡት እንግዶች ሳቁ። ለእነሱ ቀልድ ነበር። በዚያ አገር ግን በሬ ሲሸጥም፣ ልጅ ሲዳርም፣ የተጣላ ሲታረቅም ዋስ ይጠራል። ዋስ የሌለው ቃል እንዳልተነገረ ነው።

ከወንበሮቹ የተነሣ አልነበረም። የተነሡት ጋሽ ታፈረ ናቸው።

«እኔ ዋስ ነኝ» አሉ። «ባቡር የሚሠራ ሰው ውኃ ዘግቶ አይሄድም። አብሬያቸው ኖሬ የማውቀው ነው።»

ያን ቀን ገበሬው መሬቱን ለቀቀ። ለመንግሥት ማኅተም አልነበረም የለቀቀው። ሙያቸውን ለሚያምኑ ለአንድ ጡረተኛ ብሎ ነው።

ሥራው ተጀመረ። ገረጋንቲ የሚባለውን የሙሌት አፈር የጫኑ መኪኖች በጋውን ሙሉ ተመላለሱ፤ ቦቴ ውኃ እየረጨ ሮለር ይደመድመዋል። ጋሽ ታፈረ ከዘራቸውን ይዘው በየቀኑ ይሄዱና ያያሉ፤ ሠራተኞቹ በአሮጌው መሥመር አለቃ በሚጠራበት ስም «ሼፍ መጡ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ለውኃ ማሳለፊያ የታሰበው ቦታ ሁሉ ክፍት ተትቶ ነበር። እዚያ ድረስ አንድም እንከን አልነበረበትም። ከዚያ መኪኖቹ በክፍቱ ቦታ እየዞሩ ሲሄዱ ጊዜ ፈጀባቸውና ተቋራጩ ቀዳዳዎቹን ለመተላለፊያ ብሎ በአፈር ደፈናቸው። ለጊዜው ነው አሉ። ክረምቱ ሳይገባ ተከፍቶ ኮንክሪቱ ይሠራል ተባለ።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሥራው ቆመ። ለምን እንደቆመ እስከ ዛሬ አራት የተለያየ ምክንያት ተነግሮኛል፤ ለአንዱም ማረጋገጫ አላገኘሁም። መኪኖቹ ሄዱ፣ ሮለሩ ተጭኖ ሄደ፣ አንድ ዘበኛ ቀረ። ቀዳዳዎቹ እንደተደፈኑ ነበሩ።

በሐምሌ ውኃው እንደ ልማዱ ከኮረብታው ወረደ። ሙሌቱ ጋ ሲደርስ ቆመና ወደ ኋላው ተኛ። መጀመሪያ ማሳውን፣ ቀጥሎ የአያ ምናለን ጎተራ፣ ከዚያ ቤታቸውን ያዘ። የጋሽ ታፈረ ቤት አንድ ወገን ግድግዳው ረጥቦ ተደረመሰ። እግራቸው የማይታዘዛቸውን እትዬ ብርቄን ከነአልጋቸው ተሸክመው ያወጧቸው አያ ምናለና ልጆቻቸው ናቸው።

ተሸክመው ሲያወጧቸው እንኳ አያ ምናለ አፋቸውን አልሰበሰቡም። «ጋሽ ታፈረ፣ ባቡሩ መቼ ነው የሚገባ? ትኬት ልቁረጥ ብዬ ነው።» ከዚያም ውኃውን ሲያዩ «ባቡሩ ቢዘገይ እንኳ ታንኳ አያጡልንም መቼስ» አሏቸው። ጋሽ ታፈረ ከዘራቸውን ውኃው ውስጥ እየተከሉ አልጋውን ተከተሉ። 

የጎርፉን ዘገባ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንዱ ቢሮ ጉዳዩ የተቋራጩ ነው አለኝ። ተቋራጩ ሥራው ስለቆመ ከኃላፊነቱ ነፃ መሆኑን ነገረኝ። ሌላው ቢሮ ሁኔታው እየተገመገመ ነው አለ። በስብሰባው ካርታውን የዘረጋውን መሐንዲስ በመከራ አገኘሁት፤ ወጣት ነው፣ ደክሞታል። «ዲዛይኑ ላይ አለ» አለኝ። «የተሳሳተ ሰው የለም።» በሥራዬ ብዙ ክፉ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ዓረፍተ ነገር ያቃጠለኝ የለም። ስህተት ቢሆን ኖሮ የሚያርመው ይገኝ ነበር። ሁሉም አውቋል፣ ሁሉም ፈርሟል፣ ሥዕሉም ልክ ነው፤ ሰዎቹ ግን ውኃ ውስጥ ናቸው። ዘገባው ወጣ። የደወለልኝ አንድ ኃላፊ ብቻ ሲሆን የደወለውም የማዕረግ ስሙን አሳጥሬ መጻፌን ሊያርመኝ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ውኃው ገና መነሣት ሲጀምር የመንደሩ ሰዎች ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ። ጋሽ ታፈረ ከፊት ነበሩ። ሙሌቱን ባገኙበት ቦታ ሁሉ አላስቆፈሩም፤ በሥዕሉ ላይ ክፍት መሆን የነበረበትን፣ ለጊዜው ተብሎ የተደፈነውን በከዘራቸው አሳይተው እሱን ብቻ አስከፈቱ። ቀትር ላይ ውኃው ማለፍ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጣ።

የቆፈረው ማን ነው ሲባል፣ ጋሽ ታፈረ «እኔ ነኝ» አሉ። ፖሊሱ እጃቸውንና ዕድሜያቸውን አይቶ «እርስዎ አይደሉም፤ ያዘዘዎትን ይንገሩኝ» ቢላቸው፣ «ዋሱ እኔ ነኝ። ሌላ ዋስ ካለ አንተ ፈልገው» አሉት። በመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት አድርሰዋል ተብለው በፒክአፕ ወደ ሐሙሲት ተወሰዱ። ለዚያ ሙሌት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ተጠያቂ እሳቸው ናቸው።

እኔ ተደውሎልኝ፣ መታወቂያዬንና የደመወዝ ማስረጃዬን ይዤ ከባሕር ዳር በማግሥቱ ጠዋት ደረስሁ። ጣቢያው በር ላይ አያ ምናለ ቀድመውኝ ቆመዋል፤ እስከ ጉልበታቸው ዋልካ ነው።

«ዋስ ለመሆን ምን ንብረት አለዎት?» ይላቸዋል ፖሊሱ።

«ቤት አለኝ።»

«የት?»

«ባቡሩ አጠገብ ነው። ሄደህ እየው፤ ሱሪህን ግን ሰብስብ።»

ፖሊሱ ቀና ብሎ አያቸው፤ እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው። ከዚያ ጻፈና አስፈረማቸው። የእኔን ወረቀት የጠየቀኝ አልነበረም። ጋሽ ታፈረ ሲወጡ አያ ምናለ ከዘራቸውን አቀበሏቸውና «በሉ እንሂድ፤ ባቡሩ ጥሎዎት ሄዷል፣ በእግር ነው» አሏቸው። በዚያ መንገድ ላይ ከኋላቸው እየሄድሁ አለቀስሁ፤ ሐዘን አልነበረም፣ ንዴት ነው።

ክሱ ተረስቶ ቀረ። ሙሌቱ አሁንም አለ፤ በእጅ የተቆፈረው በር በየክረምቱ እየሰፋ ነው፤ ኮንክሪት የሠራለት የለም። በሜዳው ላይ አንድ ሃዲድ አልተነጠፈም። እኔም ጥሬ ሐቅ መጻፌን አልተውሁም፤ ስሜት ለአንባቢ ምንም አያስረዳም ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ልጄን ይዣት ሄጄ ነበር። ጋሽ ታፈረ አርጅተዋል፤ ትዝታቸው ግን አልደከመም። ማታ ልጄ ተረት ብትለምናቸው የጦጣና የነብርን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገሯት። ስለ ባቡር ንገሩኝ ስትላቸው ፍሙን ቆስቁሰው «እሱን እናትሽን ጠይቂያት፤ ጋዜጠኛ ናት» አሏት። የእኔ ልጅነት ያለቀው፣ ከዚያም አልፎ ለእሷ ሊደርስ የሚገባው ተረት የተወሰደው እዚያ ሙሌት ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። መሬቱን ቢመልሱት፣ በሩን ቢሠሩት እንኳ፣ የዚያን ሰው አፍ ተመልሶ የሚከፍተው የለም።

ስንመለስ መኪና ውስጥ የባቡሩን ተረት ጠየቀችኝ። የማውቀውን በቅደም ተከተል፣ ምንም ሳልጨምር ነገርኋት፤ ቀያሾቹን፣ ካርታውን፣ ገረጋንቲውን፣ በአፈር የተደፈነውን በር።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

ይህንኑ ጥያቄ በየቢሮው በር ላይ ቆሜ ጠይቄዋለሁ። እሷ ግን የጠየቀችኝ መልስ እንዳለው አምና ነው።