የሐሙስ ስብሰባ

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ይህች ሴት ሆቴል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ሰው አክባሪ፣ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት። ዋሽታ የማታውቅ ስል ከዚያች ሐሙስ በፊት ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህማ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ሳምንት ሳይዘላት፣ ዐይኗን በጨው አጥባ ስትዋሽ ኖራለች።

ለመሆኑ ምን ጎደላት? ብቻዋን መሆን ነዋ! ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ አናጢው ባሏ፣ ልጆቹና አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ሁሉ እዚያው ናቸው። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ስትቀረቅር አንዱ «እማዬ፣ ካልሲዬ የት አለ?» ይላታል፣ ሌላዋ «እማዬ፣ መታኝ!» ትላታለች፣ አማቷ ደግሞ የጀመሩትን ወሬ ከበሩ ማዶ ሆነው ይቀጥላሉ። ሥራ ቦታም ያው ነው። ማሽኖቹ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ሲጮኹ ይውላሉ። ትልቁ አንሶላ ደግሞ ለብቻ አይታጠፍም፤ ሁለት ሆነው ጫፍና ጫፉን ይዘው፣ ወጠር አድርገው፣ አራግፈው፣ ፊት ለፊት እየተራመዱ መሀል ላይ ይገናኛሉ። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ የባልደረባዋ ፊት አፍንጫዋ ሥር ድረስ ይመጣል። ባልደረባዋ ደግ ሴት ናት፣ አይካድም፤ ግን እኮ ሁለት መቶ ጊዜ!

የመጀመሪያዋ ሐሙስ ሳትታሰብ ነው የመጣችው። ማሽኖቹ ቆሙ፣ ሴቶቹ ልብሳቸውን ቀይረው ወጡ፣ እሷ የተረሱ ፎጣዎች ልታስቀምጥ አንሶላ ክፍል ገባች። ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ የሆነ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ያለችው ጠባብ ክፍል ነው። ከማድረቂያው የወጣው አንሶላ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም። ጫማዋን አወለቀችና ፎጣ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ጭር አለ። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለው ሁሉ ሲያቆም የገዛ ትንፋሿን ሰማች። ከቦርሳዋ አንድ ብርቱካን አወጣች፤ ተረጋግታ ላጠችው፤ ለማንም ሳታካፍል፣ ማንም «ለእኔስ?» ሳይላት ጨረሰችው። እንዴት እንደጣፈጣት! ቀና ብላ ሰዓቱን ስታይ አንድ ሰዓት ሙሉ አልፏል።

ቤት ስትደርስ ባሏ በር ላይ ቆሟል።

«ምነው ቆየሽ?» አላት።

ብርቱካን እየበላሁ ይባላል እንዴ? «ስብሰባ ነበረን» አለች። ቃሉ ከየት እንደመጣላት እግዜር ይወቅ።

ያ ቃል ጉድ አፈላ። ባሏ ደረቱን ነፋ። በማግስቱ ለአናጢ ጓደኞቹ «ሚስቴን እኮ ስብሰባ ይጠሯታል» ብሎ አወራ፣ ሰፈሩም «ሰብሳቢዋ» የሚል ስም አወጣላት። ሐሙስ ስትገባ ትልቋ ልጇ «እማዬ፣ ዛሬ ምን ተወሰነ?» ትላታለች። እሷም «የሳሙናው ጉዳይ ለሚቀጥለው ተላለፈ» ትላለች። የሳሙናው ጉዳይ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲተላለፍ አንድ ሰው እንኳ አልጠረጠረም። ስብሰባ ድሮስ እንዲያ አይደል?

እሷ ግን ውስጧን ይበላት ነበር። ብርቱካኑን ለልጆቿ ሳትገዛ ለራሷ መግዛቷ ይቆጠቁጣታል፤ ልጣጩን እንደ ሌባ በወረቀት ጠቅልላ የሆቴሉ ቆሻሻ መጣያ ታች ትቀብረዋለች። እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ትታጠባለች። ማርያምን ይህ የመጨረሻዬ ነው ትላለች። ሐሙስ ሲመጣ ደግሞ ቁጭ ትላለች።

አሁን ስለ አማቷ ልንገራችሁ። ስኳር አለባቸው። ሐኪሙ «ማታ ኪኒንዎን እንደዋጡ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይብሉ፤ እንዳያሳልፉ» ብሏቸዋል። በሌላው ቀን እሷ አሥራ አንድ ላይ ትደርሳለች፣ ሁለቱ አብረው ይበላሉ። ሐሙስ ግን አሥራ ሁለት ይሆናል። «እማማ፣ ሐሙስ ሐሙስ እኔን እንዳይጠብቁ» ብላቸዋለች፤ እሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለዋታል።

እሺ ይበሉ እንጂ እኚህ ሴት ብቻቸውን መብላት አይሆንላቸውም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ፣ ልጃቸው ወደ ቤቱ እስኪያመጣቸው፣ ሦስት ዓመት ብቻቸውን በልተዋል። «ግድግዳ እያየሁ ስጎርስ ከረምኩ» ይላሉ፣ ያን ጊዜ ባነሱ ቁጥር። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ በልተው ጨርሰዋል፣ ባሏ አምሽቶ ነው የሚበላው። ስለዚህ ሐሙስ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ንጹሕ ሳህን ታያለች። ሁለት! አይታ እንዳላየች ትሆናለች። ለምን ትጠይቅ? መልሱን ታውቀዋለቻ። መልሱ ደግሞ ሐሙስን ይወስድባታል።

አንድ ሐሙስ ዝናብ ጣለ። የአንሶላ ክፍሏ መስኮት ላይ ጠብ ጠብ ሲል፣ ሙቀቱ፣ ጭርታው፣ ምን አለፋችሁ፣ ልቧ ጥግብ አለ። «ዛሬ ትንሽ ልጨምር» አለች። ስልኳን እንደ ልማዷ ዘግታዋለች። ግማሽ ሰዓት ጨመረች።

ቤት ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ትልቋ ልጇ እያለቀሰች ወጣች።

«አያቴ ወደቀች! ኪኒኗን ውጣ አንቺን ስትጠብቅ አላባት፣ ተንቀጠቀጠች፣ ወደቀች። አባዬ ክሊኒክ ወሰዳት። ስንደውል ስልክሽ ዝግ ነው። መጥቼ ልጥራሽ ስል አባዬ ‹ስብሰባ ላይ ናት፣ አትረብሿት› አለኝ።»

 ክሊኒኩ ድረስ በዝናቡ እንዴት እንደሮጠች አታስታውስም።

ኮሪደሩ ላይ ባሏን አገኘችው። «ነፍሷ መለስ ብላለች፣ አትደንግጪ» አላት። ቀጥሎ ያለው ነው የገደላት፦ «ስብሰባሽንም አቋረጥንብሽ፣ አይደል?»

ውስጥ አማቷ ክንዳቸው ላይ ግሉኮስ ተተክሎላቸው ተኝተዋል። ነርሷ ተቆጣች። «ኪኒን ተውጦ ምግብ ይዘለላል እንዴ? ቤት ውስጥ ሰው የለም?» ብላ ወጣች። አሮጊቷ ዐይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«መጣሽ ልጄ? ረዘመባችሁ አይደል? እህልም አልቀመስሽ።»

 አልጋው አጠገብ ተንበረከከች።

«እማማ፣ ስብሰባ የለም። ኖሮም አያውቅም። ሥራ ሲያልቅ አንሶላ ክፍል ብቻዬን እቀመጣለሁ። እርስዎ እንደሚጠብቁኝም ገብቶኝ ነበር። ሳህኖቹን አይ ነበር።»

«ብቻሽን?» አሉ፣ ቀና ለማለት እየታገሉ። «ማን አስቀየመሽ? ይሄ ልጄ ነው? ንገሪኝ!»

«ማንም አላስቀየመኝም። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

አሮጊቷ ትራሳቸው ላይ ተመልሰው ጋደም አሉ። ብቻን መሆን ደስ ይላል የሚል ሰው በሕይወታቸው ገጥሟቸው አያውቅም። «ለእሱ አትንገሪው፣ በሚስቱ ስብሰባ ተኩራርቶ አይጠግብም» አሉ በመጨረሻ። 

የሚቀጥለው ሐሙስ ሥራ እንዳበቃ ቶሎ ቶሎ ልብሷን ቀየረች። ሐሙስ የሚባል ነገር አብቅቷል፣ ምላለች። ልትወጣ ስትል የሆቴሉ ዘበኛ «እንግዳ አለሽ!» አላት። አማቷ ናቸው! ምሳ ዕቃ በጨርቅ ቋጥረው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው።

«ዐይኔ እያየ ብቻሽን አትቀመጪም። የት ነው ቦታው? አሳዪኝ» አሉ።

እምቢ የምትልበት አፍ አልነበራትም። አስገባቻቸው። ፎጣው ክምር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አሮጊቷም ጀመሩ፦ አቤት የአንሶላው ብዛት፣ አቤት ንጣቱ፣ ይህን ሁሉ ማን ይተኛበታል፣ የጎረቤቷ ምራት እንዲህ አለች፣ የቧንቧው ውኃ ዛሬም ሄደ። እሷ «እሺ እማማ፣ አዎ እማማ» ትላለች። ይህ ቅጣቴ ነው፣ ይገባኛል እያለች በልቧ።

ድንገት አሮጊቷ አቆሙ። አተኩረው አዩዋት።

«እኔ ሳወራ ትከሻሽ ወደ ላይ ይሰቀላል» አሉ። «ስንት ዓመት አብረን ስንኖር አላየሁትም።»

«ኧረ በሞቴ እማማ፣ እንደሱ አይበሉ!»

«ዝም በይ። መቆጣቴ አይደለም።» ዙሪያውን፣ መደርደሪያውን፣ መስኮቷን አዩ። «እና የሚጣፍጥሽ ይሄው ነው? ምንም የሌለበት?»

«ይሄው ነው።»

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፣ ምሳ ዕቃቸውንም አነሡ።

«ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አይቻለሁ። እዚያ እበላለሁ።»

«ብቻዎን?!»

«ሰዓቴ ደርሷል። አንቺም የራስሽን ሰዓት ጨርሺ።»

ወጡ። በሩንም ቀስ አድርገው፣ ድምፅ እንዳያሰማ እየተጠነቀቁ፣ ዘጉት።

ጭር አለ። አንሶላው ዛሬም ይሞቃል። ቆይቶ ከበሩ ማዶ የማንኪያ ድምፅ መጣ፤ አንድ ጊዜ፣ ቆም ብሎ ደግሞ አንድ ጊዜ። እኚያ ግድግዳ እያዩ መጉረስን እንደ ሞት የሚፈሩ ሴት ለእሷ ብለው ግድግዳ እያዩ ይጎርሳሉ። እንባዋ መጣ። ተነሥታ እጇን በሩ እጀታ ላይ አሳረፈች።

መክፈት ነበረባት፣ ታውቃለች። ግን እግዜር ይቅር ይበላት፣ ወዲያው አልከፈተችም። ያ ጭርታ ጣፈጣት። አራት ማንኪያ ያህል እዚያው ቆመች።

በአምስተኛው ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። አሮጊቷ ፊታቸው በራ፣ ምሳ ዕቃውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ።

«አላስችል አለሽ አይደል? ወዲያው ነው የወጣሽው!» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

«አዎ እማማ፣ ወዲያው» አለች። ስለ አራቱ ማንኪያ እስከ ዛሬ አልነገረቻቸውም።