የእትዬ ዘነበች ስልክ ሲዘጋ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። አንኮበር ወረዳ ጎረቤላ ብቻዋን የምትኖረው አክስቴ፣ እትዬ ዘነበች፣ ስልኳ ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ከእትዬ ሌላ የምደውልለት ሰው የለኝም። መንገዱን ሙሉ «ምን ሆና ይሆን?» እያልኩ ሄድኩ።

ደብረ ብርሃን

ብርዱ እንዳለ ነው። ሻይ በፓስቲ ቀምሼ የአንኮበር ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ጠየቀኝ፤ መከራከሩም ሰለቸኝና ከፈልኩ።

በገብሱ ማሳ መሐል አዲስ የብረት ምሰሶዎች ተተክለዋል። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ የመብራት መስመር ሠራተኛ ኖሯል።

«ይሄ ሁሉ ብረት ከየት መጣ?» አልኩት።

«ብድሩም ዕቃውም የውጭ ነው። እስከ ዛሬ ጎረቤላ መብራት የሚመጣላት በአንድ መስመር ነበር። ነፋስ ከጣለው በቃ፣ ጨለማ! አሁን አንዱ ቢወድቅ በሌላው ይመጣል። ዛሬ አዲሱን መስመር እንለቀዋለን።»

«የተከሉት ፈረንጆች ከሄዱ በኋላ ቢበላሽስ?»

«እሱን ነው ያልነው! ጥገናውን ካላስተማራችሁን ብለን ተሟገትን። ዕዳው እንደሆነ የኛ ነው፤ መፍቻውም የኛ ይሁን እንጂ።»

ጎረቤላ

በሯን አንኳኳሁ። «ማነው?» የሚል ድምጿን ሰማሁ።

«እትዬ፣ ስልክሽ ዝግ ነው እኮ! ገደልሽኝ!»

«የተዘጋው ስልኩ ነው፤ እኔ መች ተዘጋሁ? መብራት ከሄደ ሰነበተ» ብላ ሳቀችብኝ።

ስልኩ ግን ቻርጀሩ ላይ እንደተሰካ ነው። «ሲመጣ እንዳያመልጠኝ» ትላለች። ዐረብ አገር ያለው ልጇ ታደሰ የሚደውለው በዚያ ስልክ ነው።

«ደውሎ ዝግ ነው ቢሉትስ? ሞታለች ብሎ ቢተወኝስ?» አለች። ሳቋ ጠፋ።

አመሻሹ ላይ አምፖሉ ቦግ አለ። መንደሩ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ስልኩም ነፍስ ዘራና «ተደውሎልዎት ነበር» የሚሉ መልእክቶች ተግተለተሉ። ማንበብ አትችልምና ሰጠችኝ።

«ታዴ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሁሉም አንተ?»

«ሁሉም።»

ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «እንኳንም ደወልክ» አለችና ራት ልታቀርብ ተነሣች። ጠዋት ስሰናበታት እኔን ማግኘት ስትፈልግ የትኛዋን ቁልፍ እንደምትጫን አሳየኋት።

አዲስ አበባ

የውጭ ብድር ሁለተኛ መስመር ሲዘረጋ፣ አገርን በአንድ ሽቦ ከመንጠልጠል ሲያወጣ በዓይኔ አየሁ። ልጅን ግን አያስደውልም። ቤቴ ጭር ብሎ ጠበቀኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ መብራት ሄደ። ጨለማው ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ስልኬ ጠራ። እትዬ ናት፤ ከዚያ በፊት ደውላልኝ አታውቅም።

«እዚህ አለ» አለችኝ፤ «አንተ ጋስ?»