«ዘር ነው» ብለን የላክነው ማሽላ

እህል በረንዳ ውስጥ «ዘር» የሚባል ነገር የለም። ማሽላው በጆንያ ይገባል፣ በቁና ተሰፍሮ ይወጣል፤ የገዛው ሰው ይፍጨው፣ ጠላ ይጥመቀው፣ ለበቅሎው ይስጠው፣ የሚጠይቀው የለም። እኔም ከአንድ ጅምላ ነጋዴ ደጅ ተጠግቼ እህል እያበጠርኩ፣ እየለቀምኩ፣ በጣሳ እየቸረቸርኩ የምኖር ሴት ነበርኩ። ምላሴ ይፈራ ነበር። ቁና የሚያጎድል ነጋዴ ካየሁ ገበያውን ሁሉ ጠርቼ አዋርደዋለሁ። ያን ጊዜ ጉልበቱም ቁጣውም ነበረኝ፤ ዛሬ የቀረኝ ቁጣው ብቻ ነው።

እኔ በተወለድኩበት በሸዋ ቆላ ዝናብ ከጠፋ ሁለት ክረምት ሆኖት ነበር። ወሬው መርካቶ የደረሰው በሰው እግር ነው። ሰባተኛ አካባቢ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚያድሩ አዳዲስ ፊቶች በዙ። መለመን እንኳ አያውቁበትም፤ ዝም ብለው እጃቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ከእነሱ መሐል አንድ ሽማግሌ አንድ ቀን በአነጋገሬ አወቁኝ። የመንደራችን ሰው ነበሩ። ወንድሜ በሬዎቹን ሸጦ እንደ ጨረሰ፣ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ቅጠል እየቀቀሉ እንደሚበሉ ነገሩኝ። መልእክትም ልኮብኝ ነበር፤ «የምትችይው ነገር ካለ አሁን ነው፤ እስከ ክረምት አንደርስም።»

ወንድሜ ታላቄ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ አርሶ ያሳደገኝ፣ ለሰርጌ ጥጃ የሸጠልኝ እሱ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል፤ እውነት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በዘገንኩ ቁጥር የልጆቹ ፊት ይደቀንብኝ ጀመር። ትንሿን አይቻት አላውቅም፤ እሷም አብራ ትደቀን ነበር።

መርካቶ ያለን የአገራችን ልጆች ማኅበር ነበረችን። ኩሊው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጠላ ሻጯ፣ ሾፌሩ፣ እህል ነጋዴው፣ ሁላችንም በወር አንድ እሑድ አማኑኤል አጠገብ በሊቀ መንበራችን ግቢ እንሰበሰባለን። ሊቀ መንበሩ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የተከበሩ ነጋዴ ናቸው። እስከዚያ ድረስ የሠራነው ሥራ ቢኖር ለደብራችን ቆርቆሮ መላክ ነው፤ የቀረው ጭቅጭቅ ነበር። ሽማግሌውን ይዤ ሄጄ ያዩትን ሁሉ አስነገርኳቸው። የዚያን ዕለት የተጨቃጨቀ የለም። በማግስቱ ሁሉም ያለውን ይዞ መምጣት ጀመረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሉትን በዓይኔ አየሁት። በረንዳው ላይ አብረውን የሚነግዱ፣ የአገራችንን ስም እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሙስሊም ነጋዴዎች ሳይቀሩ ጆንያ ላኩልን። ኩሊዎቹ ያለ ዋጋ ተሸከሙ።

የወንድሜን ጆንያ እኔ ራሴ አዘጋጀሁ። ነጭ ማሽላ መረጥኩ። ጠጠሩን፣ ስብርባሪውን፣ ነቀዝ የነካውን አወጣሁ፤ ሙሉ ሙሉውን ፍሬ ብቻ አስቀረሁና አፉን በቀይ ክር ሰፋሁት። ስሙንም አስጻፍኩበት። የራበው ሰው ጠጠር እንዳያኝክ ብዬ ነው።

እህሉ ግን ከግቢው መውጣት አልቻለም። መንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ ያለ ፈቃድ አንድ ጆንያ አያልፍም። ጋሼ ካባቸውን ደርበው ከቢሮ ቢሮ ዞሩ። «ለተራቡት ወገኖቻችን» ብለው ገና ሲጀምሩ፣ አንዱ ሹም በጃንሆይ አገር ረሃብ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያወራ ሰውም ራሱን ቢጠብቅ እንደሚሻለው ነገራቸው። ሌላው ነገ ይምጡ አላቸው። ነገም ሲሄዱ ነገ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር፤ አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ግንቦት ገባ። ማታ ማታ ግቢው ሄጄ ጆንያዎቹን ተደግፌ አለቅስ ነበር። እህል ተደግፎ ለተራበ ማልቀስ ምን ይባላል?

አንድ እሑድ ጋሼ ፊታቸው በርቶ መጡ።

«ቃሉን ቀየርኩት» አሉ።

ረሃብ የሚለውን ትተው፣ ለድሃ ገበሬዎች የሚዘራ ዘር ልንልክ ነው ብለው ነበር። ሹሙም ይሄማ ልማት ነው ብሎ እዚያው ፈቀደላቸው። ሳቅን። በብልጠታቸው ተደነቅን፤ እኔማ እልል አልኩ። እዚያ ግቢ ውስጥ ከነበርነው የገበሬ ልጅ ያልሆነ አንድም ሰው አልነበረም። ዘር የተባለ እህል ገበሬ ቤት ሲገባ ምን እንደሚሆን ሁላችንም ከናታችን ጓዳ እናውቃለን። ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም። መርካቶ ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

ሾፌራችን ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናውን አስጭኖ ሄደ። ሲመለስ ወረዳው ድረስ አድርሶ ማስረከቡን ነገረን። ከኬላው ጀምሮ አንድ ፖሊስ ጋቢና አብሮት ተቀምጦ ስለነበር፣ «ዘር ነው» ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ለሰዎቹ ብሉት አላልካቸውም ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ለራበው ሰው እህል ሰጥቶ ብላ ማለት ያስፈልጋል እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው አልኩ። ያን ሰሞን ምግብ ጣመኝ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ። ልጆቹ ጠግበው ሲተኙ ይታየኝ ነበር።

ያ ክረምት አዲስ አበባን በዝናብ አጠባት፤ አገራችን ግን ጠብ አላለም። ሐምሌ ላይ፣ በረንዳው ጭቃ በጭቃ በሆነበት ጠዋት፣ ከጋሼ ጋር ቆሜ ሳወራ ከማኅበራችን ኩሊዎች አንዱ ጆንያ ተሸክሞ መጣና ፊቴ አወረደው። ከኋላው ደበሎ የለበሰ፣ አጥንቱ የወጣ ሰው ተከትሎት ቆመ። ለማኝ መሰለኝ። በጣሳ እህል ዘግኜ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«እህት ዓለም» አለኝ።

በድምፁ አወቅኩት። ቀጥሎ ጆንያውን አየሁ። አፉ በቀይ ክር እንደተሰፋ ነው።

አቅፌው አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። አንድ ከሰል የጫነ መኪና አዝኖለት ከነጆንያው እንዳመጣው ነገረኝና ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። ከዚያ ሰው ስለ ገበያ ዋጋ በሚያወራበት ድምፅ ሁሉንም አወራልኝ። እህሉ በታደለ ማግስት የወረዳው ሰው ገበሬውን ሰብስቦ፣ ይሄ ዘር ነው፣ የበላው ይታሰራል አላቸው። የደብሩ ቄስ ደግሞ ለመጪው ዓመት አስበው፣ ዘር ከጠፋ አገር ይጠፋል ብለው፣ ዘሩን የሚበላ ውጉዝ ይሁን ሲሉ ገዘቱ። ወንድሜ ግን የእስሩን ዛቻም ግዝቱንም ሳይሰማ በፊት፣ ጆንያውን ፈትቶ ያየ ዕለት ላለመብላት ቆርጦ ነበር።

«ማሽላው ፍሬ ፍሬው ተለቅሟል። እንዲህ ያለ እህል ለመብል አይላክም፤ እህቴ ዘር መርጣ ላከችልኝ አልኩ» አለኝ።

በዚያው ክር መልሶ ሰፋውና ማገር ላይ ሰቀለው። ሰማይ ሰማይ እያዩ ጠበቁ። ትንሿ ስታለቅስ እናቷ ክሩን ልትፈታ ተነሥታ ነበር።

«እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ።

ስለ ልጆቹ አልጠየቅኩትም። እሱው ነገረኝ። መጀመሪያ ትንሿ፣ ከዚያ ሁለቱ ወንዶች፣ በመጨረሻ እናታቸው። ግዝቱን ጥሰው፣ በራቸውን ዘግተው ዘሩን ቆልተው የበሉ ጎረቤቶች ነበሩ።

«እነሱ በሕይወት አሉ» አለኝ። የቂም ቃል አልወጣውም። እንዲያውም ግዝት ጥሰዋልና የእነሱን ነፍስ ይማር አለ።

ጋሼ ከዘራቸውን እንደተመረኮዙ ሁሉን ሰምተው ነበር። «ልጄ፣ እኛ እኮ...» ብለው ጀመሩ። ዓይኔን አፈጠጥኩባቸው። በሕይወቴ የእሳቸውን ንግግር ያቋረጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ዛሬም ቢሆን አቋርጣቸዋለሁ።

ወንድሜ ጆንያውን በእጁ ዳበሰው።

«ዝናብ ሲጥል ልዘራው ነበር፤ አልጣለም። ብቻዬን ደግሞ ማንን ላበላ አርሳለሁ? አደራሽን መለስኩልሽ። ዝናብ ላለው ሰው ስጪው» አለኝ። ቀጥሎም «ዘር ነበር አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለአንዲት ጎዶሎ ቁና ገበያ የማስነሣ ሴት ነበርኩ። ሹሙን፣ ፖሊሱን፣ ወረዳውን፣ ጋሼን፣ እልል ያለውን የራሴን አፍ፣ ሁሉንም ልራገም አማረኝ። የወንድሜ ዓይን ግን ዓይኔ ላይ ነው። ሌላ ቃል ብናገር ያቺን የያዛትን የሚስቱን እጅ ምን ያደርጋታል?

«አዎ ወንድም ጋሼ፣ ዘር ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከጎረቤቴ ትኩስ የማሽላ ቂጣ ተቀብዬ እጁ ላይ አኖርኩለት። አልቆረሰውም። ቂጣውን አየ፣ ጆንያውን አየ፣ ቀና ብሎም እኔን አየኝ።

«ከዘሩ አይደለም አይደል?» አለኝ።

አይደለም አልኩት። ያን ጊዜ ቆርሶ በላ።