የጋሽ ዮንግፋ ደለል

ዛሬ የጎረቤቴን የእትዬ ቹንታዎን የሩዝ ማሳ የማርሰው እኔ ነኝ። ጭቃው ውስጥ እግሬን በነከርኩ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል፤ እውነቱን ለመናገር፣ ስድባቸው ሳይቀር ይናፍቀኛል።

ባላቸው ጋሽ ዮንግፋ በብርዱ ወራት፣ የመንደራችን ኩሬ ሲጎድል፣ ከሥሩ ጥቁር ደለል እየዛቁ በትከሻቸው ተሸክመው ማሳቸው ላይ ሲደፉ ኖሩ። እኛ እሳት ዳር ቁማር ስንጫወት እሳቸው ጭቃ ውስጥ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ሲሞቱ ለሚስታቸው የተዉላቸው ያንን የጠገበ አፈር ብቻ ነው።

ኋላ ኩሬው እየነጠፈ ሲመጣ ውሃ በተራ ሆነ። ማሳው ይጠጣል፣ ይደርቃል፣ መሰንጠቅ ሲጀምር እንደገና ይጠጣል። እኛ የሁናን አገር ገበሬዎች ድሮም ሩዙ ሲንዠረገግ አንድ ጊዜ ማሳ እናደርቃለን፤ እንዲህ መደጋገሙ ግን አዲስ ነበር።

“አንተ ሊያዎ፣ ባሌ ያደለበውን መሬት ልታከሳብኝ ነው?” ብለው ተራ የሚያከፋፍለውን የውሃ ዳኛ ያዙት።

“እትዬ፣ ታች ያሉት ሰዎችስ በምን ያጠጡ?”

“ሽንትህን ላክላቸው!”

ተሳድበውም ተራቸውን አከበሩ። ሩዙ ግን ገረጣ። እንደ ልማዳችን የዩሪያ ማዳበሪያውን ውሃ በሞላው ማሳ ላይ ስለበተንን፣ ውሃው ሲደርቅ የአፈሩ ምግብ አየር ሆኖ ጠፋ። የሁላችንም ስህተት ነበር። የኔ ሲገረጣ ተናደድኩ፤ እሳቸው አለቀሱ።

በኛ ዘንድ በአዲስ ሩዝ ቀን መጀመሪያ የሚቀምሰው ውሻ ነው፤ የእህል ዘር ያመጣልን እሱ ነው ይባላል። ቀጥሎ ለሙታን ይቀርባል፣ ከዚያ እኛ እንበላለን። በዚያ ዓመት እትዬ ለውሻው ሰጡና ለሙታን ሳያቀርቡ መብላት ጀመሩ።

“የጋሼስ?” አልኳቸው።

“ምን ብዬ ላቅርብለት? አፈርህን ገደልኩት ብዬ?”

በዓመቱ ሊያዎ ከታች መንደር ወሬ ይዞ መጣ። “ዩሪያውን መሬቱ ደርቆ ሳለ በትኑትና ወዲያው ውሃ ልቀቁበት። ውሃው ይዞት ሥር ድረስ ይገባል። ገለባውንም አታቃጥሉ፣ እዚያው ይበስብስ።”

“ዘንድሮ ነው የምትነግረኝ?”

“እኔስ መቼ ሰማሁ፣ እትዬ!”

እያጉረመረሙ በተሰነጠቀው መሬት ላይ በተኑና የማሳውን የውሃ መግቢያ በዶማ ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ድንበሩ ላይ ቁጢጥ ብለው ቅጠል ቅጠሉን ያያሉ። የሩዙ አረንጓዴነት ጠቆረ፣ ዛላውም ከበደ። ለታች መንደርም ውሃ ተረፈ።

የአዲሱ ሩዝ ቀን ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እትዬ አንድ ሳህን እስኪቆለል ሞሉና በቀጥታ ጋሽ ዮንግፋ ይቀመጡበት በነበረው ቦታ አኖሩት።

“ብላ፣ ያንተው ደለል ነው። አልሞተም” አሉ።

እኛ ደነገጥን። ውሻው በር ላይ ቆሞ ይጮሃል።

“እትዬ፣ ውሻው እኮ አልቀመሰም!” አልኳቸው።

“ይጠብቃ!” አሉኝ ዞር ሳይሉ። “ባሌ ዓመት ሙሉ ጠብቆ የለም እንዴ?”