ከብቶቹ ገብተው ነበር ወይ?

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ኅዳር ነው። ባለቤቴ አዳነ ካረፈ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ሌላው ሰው ቢሰማው ትንሽ ነገር ይለው ይሆናል። ግን አንዲት ቁጥር ባሌን እንድጠረጥር አድርጋኛለችና እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።

አዳነ እዚህ እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ ኢንዱስትሪ ዞን ባለ አንድ መጋዘን ዕቃ ተረካቢ ነበር። ኤክሴልን፣ የኮምፒውተሩን የሠንጠረዥ መዝገብ፣ የለመደው እዚያ ነው። በኋላ ግን ቤት ውስጥ ለሌላ ሥራ አዋለው። እኛ ከጎንደር የመጣን ቤተ እስራኤሎች ወላጆቻችን የሞቱበትን ቀን የምናውቀው በአገራችን አቆጣጠር ነው። ተዝካሩን፣ እዚህ አዝካራ የሚሉትን፣ የምናደርገው ግን በዕብራይስጥ አቆጣጠር ነው። አንዱን ወደ ሌላው መመለስ ራስ ያዞራል። አዳነ ከሠራቸው ቀመሮች አንዱ ለዚህ ነበር፤ ስሙን «ዕለት» አለው። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ሲሰጡት ተዝካሩ ዘንድሮ መቼ እንደሚውል ያወጣል።

ሰዎች ከሐደራም ከሌላ ከተማም ይደውሉለት ነበር። አንዳንዶቹ ቀኑን የሚያውቁት በታቦት ስም ብቻ ነው። «በሚካኤል ዕለት ነው» ሲሉት፣ የክርስቲያን ታቦት ነውና፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሱ 12 ብሎ ይጽፋል።

ልጃችን ሩት ቢሮ ስለምትሠራ እንዲህ ያለውን ታውቃለች። ሁልጊዜ ትነዘንዘው ነበር። «አባ፣ ለቀመሩ ማብራሪያ ጻፍለት። ሰው የቀመሩን ስም ሲጽፍ ከሥሩ ብቅ ይላል፤ የት ምን እንደሚገባ ይነግረዋል።»

«ለማን ብዬ? እኔ አለሁ አይደል?» ይላታል።

ከሞተ በኋላም ስልኩ መጮኹን አላቆመም። ከሚደውሉት ግማሾቹ መሞቱን አልሰሙም። ሞቷል ብሎ ከማስረዳት «ቆዩ፣ ልየው» ማለት ቀለለኝ። አገር ቤት አስተማሪ ስለነበርሁ ቁጥር አይከብደኝም። ቀመሩ ግን ከዓመቱ ቀጥሎ አራተኛ ቁጥር ይጠይቃል። አዳነ ከመዘገባቸው ስሞች አብዛኛው ላይ 0 አድርጓል፤ ጥቂቱ ላይ 1። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። እኔም 0 እያልሁ ቀጠልሁ።

አንድ እሑድ ጠዋት በር ተንኳኳ። በአንድ እጃቸው ከዘራ የያዙ፣ በሌላው ከገበያ የገዙትን መንደሪን ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም።

«የአዳነ ቤት ይኸ ነው? ጥሩነህ እባላለሁ። ስለ እናቴ ቀን ደውዬ ነበር፤ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

አስታወስኋቸው። ኅዳር ሚካኤል ነው ብለውኝ፣ ማክሰኞ ይውላል ብያቸው ነበር። አስገብቼ አስቀመጥኋቸው።

«እንግዲህ ልጄ፣ ጣጣ መጥቷል» አሉ። «እህቴ አፉላ ከተማ ናት። የእናታችንን ተዝካር በየቤታችን ነበር የምናደርገው። ዘንድሮ አርጅተናል፣ እኔ ቤት አንድ ላይ እናድርገው ተባባልን። እኔ ማክሰኞ ብዬ ሰው ጠራሁ። እሷ ረቡዕ ነው ትላለች። የዕብራይስጡን ቀን የዛሬ ሦስት ዓመት ባልሽ ራሱ ነግሯት፣ ጽፋ ማቀዝቀዣዋ ላይ ለጥፋለች። ማክሰኞ ከሆነ አልመጣም ብላኛለች። ይቺን ሴት አታውቂያትም፤ አፉላ ሆና ስትቆጣ ያለ ስልክ እዚህ ይሰማል።»

እኔ ግን ሣቅ አልመጣልኝም። ቀመሩ አንድ፣ ያወጣው ቀን ሁለት። ወይ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ወይ አዳነ። እሱ ከተሳሳተ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ያመነው ሰው የተዝካሩን ሻማ ባልሆነ ቀን ሲያበራ ኖሯል ማለት ነው። ከሞተ በኋላ ስሙ በዚህ ሊነሣ ነው።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ የእናታቸውን ስም ፈለግሁ። ሁለት ቦታ ተገኘ። አንዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሌላውን አዳነ በእህታቸው በኩል ጽፎታል። ቀኑ 12፣ ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱም ያው። የመጨረሻው ቁጥር ብቻ የእኔ 0፣ የእሱ 1።

«አባ፣ አዳነ እህትዎን ከቀኑ ሌላ የጠየቃት ነገር ነበር?»

«እንጃ» አሉ። ትንሽ አሰቡና ፈገግ አሉ። «ቆይ! አንድ ነገር ጠይቋት ስትስቅ ከርማለች። እናታችን ስታርፍ ከብቶቹ ገብተው ነበር ወይ? አላት አሉ። የሐደራው ሰው ስለ ከብቶቻችን ጠየቀኝ እያለች ላገኘችው ሁሉ ስታወራ ነበር።»

«ገብተው ነበር?»

«ገብተዋል እንጂ። በረቱን የዘጋሁት እኔው ነኝ። መሽቶ ነበር።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ ቤት 12 ቀን መሽቶ የሞተ ሰው በ12 ሞተ ይባላል። በዕብራይስጥ ግን ጀምበር ስትጠልቅ ቀኑ ያልቅና የሚቀጥለው ቀን ይገባል። ሰዓት ያሰረ ሰው በሌለበት ገጠር «ስንት ሰዓት ነበር?» ቢሉ ማን ይመልሳል? አዳነ የሚጠይቀው ከብቶቹን ነበር። ገብተው ከሆነ 1፣ ካልገቡ 0።

የእኔን 0 አጥፍቼ 1 ጻፍሁ። ረቡዕ አለ።

አዳነ አልተሳሳተም። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ደስ አለኝ ብል ታምኑኛላችሁ? ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ለዐሥራ አንድ ሰው 0 እያልሁ ቀን ነግሬያለሁ።

«ይቅር ይበሉኝ አባ፣ ባልሆነ ቀን ሰው አስጠራሁዎ» አልሁ።

«ማክሰኞ የሚመጣ ሰው ረቡዕም ይመጣል። ለመብላት ማን ይሰንፋል?» አሉና መንደሪን ልጠው ሰጡኝ። «ይልቅ ለሌሎቹ ደውይ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

እውነትም ሁሉንም ደውዬ እስክጨርስ አልተነሡም። ገጠር የሞተውን «ከብቶቹ ገብተው ነበር ወይ?»፣ ከተማ የሞተውን «መብራት በርቶ ነበር ወይ?» እያልሁ ጠየቅሁ። ሦስቱ መሽቶ ነበር አሉኝ። የሁለቱ ቀን ገና ስለነበር አስተካከልሁላቸው። የአንዲት ሴት ግን አልፏል። የአባቷን ሻማ አንድ ቀን ቀድማ አብርታለች። ይቅርታ ለመንኋት። እሷ ግን «እትዬ፣ አባቴ ጨለማ አይወድም ነበር። ሌላ አበራለታለሁ፤ ሁለት ሻማ አይጠላም» አለችኝ።

በመጨረሻ አባ ጥሩነህ ለእህታቸው ደወሉ። «ልክ ነሽ» ብለው ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት። የድሉን እልልታ እኔም ሰማሁት።

ዓርብ ሩት ስትመጣ ማብራሪያው የት እንደሚጻፍ እንድታሳየኝ ለመንኋት። አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቴ እየለቀምሁ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ። «አራተኛው ቁጥር፦ ሲያርፉ ከብቶቹ ገብተው ነበር ወይ? አዎ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0። ሳትጠይቁ አትሙሉ።»

«ኢማ፣ አሁን ከብት ማን ያውቃል? ጀምበር ከጠለቀች በይ፣ ቤሴደር?» አለችኝ፤ በዕብራይስጥ ኢማ እናቴ፣ ቤሴደር እሺ ማለት ነው።

ጀምበሯንም መብራቱንም ጨመርሁ። ከብቶቹን ግን አላወጣሁም። ሩት እንደገና አነበበችው። «አባ ቢጽፈው እንዲህ ነበር የሚጽፈው» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የራሱ የአዳነ ዓመት ደረሰ። ሌላ ሰው እንዲሞላው አልፈለግሁም። ስሙን ጻፍሁ። ቀጥዬ «ዕለት» ብዬ ቅንፍ ስከፍት ማብራሪያው ከሥሩ ብቅ አለ። ለሰው ብዬ የጻፍሁት ጥያቄ እኔኑ ጠየቀኝ። ሰዓቱ የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ አለ፤ ወረቀቱን አላወጣሁትም። ሲያርፍ እጁን እንደያዝሁ በሆስፒታሉ መስኮት አይቻለሁ። ጀምበር ባሕሩ ውስጥ ገብታ ነበር። ባሕሩ ዳር ባሉት ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ላይ ቀዩ መብራት በርቶ ነበር።

1 ጻፍሁ።

አሁን ሳስበው በእሱም በራሴም አልናደድም። «እኔ አለሁ አይደል?» ሲል አልዋሸም፤ ያን ጊዜ ነበረ። እኔ ግን እንደዚያ ለማለት አልደፍርም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እየተቀመጥሁ ሌሎቹን ቀመሮቹን እየሞከርሁ፣ የገባኝን ከሥራቸው እጽፋለሁ። ገና አራት ይቀሩኛል።