የዚያ ጠዋት ልምምድ

ሥራዬን ለሐበሻ ማስረዳት ከሰለቸኝ ቆይቷል። የበረዶ ሆኪ አሠልጣኝ ነኝ ስላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚቆሙት አባቶች ጨዋ ስለሆኑ ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ዋናው ሥራህስ ምንድን ነው ይሉኛል። እናቴ ግን በአንድ ቃል ትገላግለው ነበር፤ ስለት ያለው ጫማ አድርገው በረዶ ላይ የሚጫወቱት ገና ነው ትላቸዋለች። ዳኛ ላይ ስጮህ በቴሌቪዥን ያየችኝ ዕለት ደግሞ ደውላ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማህም ወይ ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ድሮም ቁጡ ነኝ።

በረዶው ላይ ያወጣችኝም እሷው ናት። ፍራንክፈርት ዳር፣ ዞሰንሃይም ሰፈር ስንኖር ሆስፒታል ታጸዳ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ፣ ጣሪያ ያለው፣ ትልቅ ሰው የማይጠፋበት ቦታ ብላ የመረጠችልኝ የበረዶ ሜዳውን ነው። ብርዱን አላሰበችውም። እዚያው አድጌ ተከላካይ ሆንኩ፤ ጉልበቴ ሲበላሽ ሕፃናት ማሠልጠን ጀመርኩ። ከዚያ በየትንንሹ ከተማ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ተቀጠርኩ፣ ተባረርኩ፣ ደግሞ ተቀጠርኩ። ወደ ፍራንክፈርት ተመልሼ ዋና አሠልጣኝ ስሆን እናቴ ጡረታ ወጥታ አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ገብታ ነበር።

አሠልጣኝ የውድድሩ ዘመን ሳያልቅ ከተማውን ለቆ አይሄድም። እንዳለቀ እመጣለሁ አልኳትና ለመጋቢት ትኬት ቆረጥኩ። ግን ማሸነፍ ጀመርን። በጥሎ ማለፍ የተሸነፈ ቤቱ ይገባል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል፤ አንድ ቡድን በጣልን ቁጥር ትኬቱን እያዛወርኩ እደውልላት ነበር። ግድ የለም፣ አንተ ሥራህን ሥራ ትለኛለች። ድምፅዋ ሰለል ብሎ ሲሰማኝ ጉንፋን ነው አለችኝ። አመንኳት፤ ማመኑ ይቀል ነበር።

ግማሽ ፍጻሜው ላይ ስንደርስ ስልኩን አክስቴ ማንሳት ጀመረች። እናትህ ጠበል ሄዳለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም አለችኝ። በሌላ ቀን ስደውልም ጠበል፣ አሁንም ጠበል። ሐበሻ ቤት ያደገ ሰው እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረበት። እኔ ግን የተጎዳ በረኛ ነበረብኝ፤ ቀልቤ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። በሆኪ ጥሎ ማለፍ ከአንዱ ቡድን ጋር ደጋግመው ነው የሚገጥሙት፤ አበቃላቸው ከተባልን በኋላ ሁለት ጨዋታ አከታትለን አሸንፈን እኩል ሆንን። ለፍጻሜ የሚያልፈው ቅዳሜ ሊለይ ነው። ስጮህ ድምፄ ተዘጋ፤ ደስታዬ ግን ወሰን አልነበረውም።

ዓርብ ጠዋት ልምምድ ከጀመርን ብዙም ሳንቆይ ባዶው መቀመጫ ላይ ሦስት ሰዎች አየሁ። አንዱ ቄሳችን ናቸው፤ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ጡረተኛ መሐንዲስ፤ ሦስተኛዋ የእናቴ የልብ ጓደኛ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሴት። ጎህ ሲቀድ ጊንሃይም ሰፈር ያለው ቤቴ ሄደው አጥተውኝ ነው የመጡት። አንዱ ተጫዋቼ ደጋፊ መስለውት ዱላውን ከፍ አድርጎ ሰላም አላቸው፤ ቄሱም በመስቀላቸው ባረኩት።

ወዲያው ገባኝ። ሽማግሌ በማለዳ ተጠራርቶ ለምሥራች አይመጣም። በአጠገባቸው ሳልፍ መሐንዲሱ ዓይኔን ሳያዩ፣ «ትሬኒንግህን ጨርስ ልጄ፤ እኛ ቴርሚን የለብንም፣ የሚያስቸኩል ቀጠሮ የለንም» አሉኝ።

አልጨረስኩም። ጨዋታ ሊደርስ ሲል ተጫዋች እንደማይደከም ጀማሪ አሠልጣኝም ያውቃል። እኔ ግን ፊሽካዬን እየነፋሁ ከዳር እስከ ዳር አስሮጥኳቸው፤ እንደገና አልኳቸው፤ ደግሞ እንደገና። በረዶው ላይ እስካለሁ ድረስ ማንም አይነግረኝም፤ እስካልተነገረኝ ድረስ እናቴ ጠበል ናት። ረዳቴ ተጠግቶ ነገ ጨዋታ አለን እኮ ሲለኝ ሰደብኩት። ልጆቹ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ያለከልኩ ጀመር። ከዚያ ቀና ስል የእናቴ ጓደኛ በብርድ ሲንቀጠቀጡ አየሁ፤ ለእሳቸው ብዬ ወጣሁ።

አስቀመጡኝና ቄሱ ነገሩኝ። ካረፈች ሳምንት ሊሞላት ነው፤ ተቀብራለች። ውድድሩን ሳይጨርስ እንዳትነግሩት ብላ አስምላቸው ነበር፤ እነሱም ሊጠብቁ ነበር። ሆኖም ማታ አንድ ዘመዳችን ፎቶዋን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ በዚያ ከማውቅ ብለው መጡ። እሪ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልነበረኝም። ዳኛ ላይ ጨርሼው ነበር።

ቀጥሎ ተናደድኩ። ሳትሞት ብትነግሩኝ ሁሉን ጥዬ እሄድ አልነበር ወይ፣ የማን ጨዋታ ነው ከእናቴ የሚበልጠው አልኳቸው በሹክሹክታ። የእናቴ ጓደኛ በቀዘቀዘ እጃቸው እጄን ያዙኝ። እስከ መጨረሻው በየቀኑ በስልክ የሚያወሯት እሳቸው ነበሩ።

«ና ማለት ከበዳት እንጂ እንድትመጣላትማ ፈልጋ ነበር» አሉኝ። «ጨዋታ ባለህ ማታ ሁሉ እየደወለች፣ ተሸነፈ ወይ ትለኛለች። አሸነፈ እላታለሁ። እሰይ ትልና ዝም ትላለች።»

ቅዳሜ ተሸነፍን። ተጫዋቾቼ እግራቸው ዝሎ ነበር። እሑድ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ።